«የዓድዋ አሳይመንት አላችሁ?»

ሐሙስ ምሽት፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሰፈራችን ውስጥ ባለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት ተራ ይዣለሁ። ከፊቴ የቆመች እናት የሥራ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች «የዓድዋ አሳይመንት አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሻጩ ልጅ ቀና ብሎም አላያት። «ስንተኛ ክፍል?» «ሰባተኛ።» ኮምፒውተሩን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገና «በከለር ነው በጥቁርና ነጭ?» አላት። ስምንት ገጽ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «የተማሪው ስም» ተብሎ ባዶ መሥመር ተትቷል። ተጠርዞ እጇ ሲገባ «ስሙን እንኳ ራሱ ይጻፍ» አለች፣ ለራሷ እንደ መናገር።

ፈርጄባት እንዳይመስላችሁ። ከሥራ የምትመለሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሥራው የሚሰበሰበው በማግሥቱ ነው፤ ልጇም ዘጠኝና ዐሥር የትምህርት ዓይነት አለበት። እኔም ባለፈው ዓመት ከዚያው ኮምፒውተር የወጣ ስለ አክሱም ሐውልት የሚያትት ሰባት ገጽ ገዝቻለሁ። ልጄ ከ10 ከተሰጠው ማርክ 9 አመጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ሐውልቱ ስጠይቀው «ረጅም ነው» አለኝ።

ይህን ለአንድ የማውቀው የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር አጫወትኩት። በአዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ያስተምራል። ከሳቀ በኋላ «ያቺን ስምንት ገጽ አውቃታለሁ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ያለውን የፊደል ግድፈት ሳይቀር አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ክፍል ብቻ 23 ጊዜ አርሜያታለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተር ቤት ሊገዛ የማይችል የቤት ሥራ ብቻ ለመስጠት ወስኗል። «ዓርብ ዓርብ ና፤ ታያለህ» አለኝ። ሦስት ዓርብ ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ፕሮጀክተር የለም፤ ቦርዱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ይህን የምናገረው «እንዲህ ያለው ማስተማር ውድ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች ነው» የሚል ወላጅ ስለማይጠፋ ነው። እዚያ ክፍል ያየሁት ነገር ሁሉ የጠየቀው ጠመኔ፣ ደብተርና አንድ ነጠላ ብቻ ነው።

መልስ ያጣው ደብዳቤ

በመጀመሪያው ዓርብ መምህሩ ቦርዱ ላይ «1855» ብሎ ጻፈና ታሪኩን በአጭሩ ተናገረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት ፈልገዋል፤ መልእክተኞችም ሊልኩ አስበዋል። የባሕሩን በር ቱርኮች ስለያዙት ሰዎቻቸው በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ተልኮ ለንደን ደረሰ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጠው። መልስ የሰጠ የለም።

«አሁን» አለ መምህሩ፣ «በዚህ በኩል ያላችሁ ለንደን ናችሁ፤ የውጭ ጉዳይ ጸሐፊዎች። በዚያ በኩል ያላችሁ ኢትዮጵያ ናችሁ፤ የንጉሡ ሰዎች። ለንደኖች፣ መልሱን ጻፉ። ኢትዮጵያዎች፣ መልስ ስትጠብቁ የዋላችሁበትን የአንድ ቀን ማስታወሻ ጻፉ።»

ለንደኖች ቀላል መስሏቸው ነበር። «ክቡር ንጉሥ ሆይ፣ እሺ» ብሎ የጨረሰ ልጅ አይቻለሁ። መምህሩ ግን አንድ ወሬ ጨመረላቸው፦ ይህ ከመሆኑ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በክራይሚያው ጦርነት እንግሊዝ ከቱርክ ጎን ተሰልፋ ሩሲያን ወግታለች። እንግዲህ የወዳጃችሁ ባላጋራ ወዳጅ ልሁናችሁ ብሎ ሲጽፍላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነተኛው ታሪክ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ እንግሊዞች ክፉ ስለሆኑ አልመለሱም ነበር የልጆቹ ሐሳብ። አሁን ጸሐፊው ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ምን እንደሚጽፉ ጨነቃቸው። አንዱ «ቱርክ እንዳይሰማ በምሥጢር እንመልስ» አለ። ሌላዋ «ለእሱ ወዳጅ ነን እንበል፤ ስለ ቱርክ ዝም እንበል» አለች። ሌላው ደግሞ ሰነፍ ጸሐፊ መሆንን መርጦ «ነገ እንመልሳለን» ብሎ ጻፈና ክፍሉን አሳቀው። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ «የተደረገው እኮ ይኸው ነው» አለው።

መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ሁለት መሥመር ብቻ ጽፋ ነበር። ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እየተማከርንበት ስለሆነ ይታገሱን የሚል ነው። አንዱ ልጅ «ይሄ መልስ አይደለም» ሲላት «‘ደርሶናል’ ማለት ስንት ብር ያስከፍላል?» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መምህሩ በቶሎ ነገራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቁ፤ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩ። የንግሥቲቱን ደብዳቤ የያዘው መልእክተኛ ራሳም እፊታቸው የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነው፤ በመጨረሻ እርሱም ታሰረ። ከዚያ ጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን አጠፉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ እዚያው ሞተ። አባትየውን በመጽሐፍ የሚያውቁት ልጆች ስለ ልጁ ሲሰሙ ነበር ፊታቸው የተለወጠው። እነርሱ የዐሥራ ሁለትና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ናቸው።

የቤት ሥራው ከዚህ ተነሣ። ቸርችል ጎዳና የሚያልፍ ካለ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖልን አምሳያ አይቶ ይምጣ፤ አንድ የኢትዮጵያ መድፍ የጥቁር ባሕር ከተማ ስም እንዴት ተሰጠው? ለሚለው ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። መልሱ ያው የክራይሚያው ጦርነት ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ልጅ አባቱን በሚኒባስ ጎትቶ ወስዶ ተመልሷል። አባትየው ለ20 ዓመት በዚያ ሲያልፉ አንድ ቀንም ስሙን ጠይቀው እንደማያውቁ ነግረውታል።

ስለ ጽሕፈቱ አንድ ነገር ላንሣ። 58 ደብተር በሳምንት ማረም ማንንም ያደክማል። መምህሩ በየሳምንቱ የሚያርመው 15 ደብተር ብቻ ነው፤ በአንድ ደብተር ላይም ከሦስት ስሕተት በላይ አያሰምርም። የቀሩትን ልጆቹ ተለዋውጠው ያነባሉ፤ ከሥሩም «ያልገባኝ ቦታ» ብለው አንድ ነገር መጻፍ አለባቸው። ቀይ እስክሪብቶ የሞላበት ገጽ ልጅን ዳግመኛ እንዳይጽፍ ያደርገዋል ብሎ ያምናል። በዚህ አልተስማማንም፤ እኔ የፊደል ግድፈት ሳይሰመርበት ሲያልፍ ጣቴን ይበላኛል። ሆኖም የልጆቹ ደብተር የእኔን ልጅ ደብተር ሦስት እጥፍ ያህል ጽሑፍ እንዳለበት መካድ አልችልም።

በነጠላ የታሰሩ ተሟጋቾች

ሁለተኛው ዓርብ ፍርድ ቤት ነበር። መምህሩ ሲጀምር ስለ ውል አንድም አልተናገረም። ቦርዱ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፈ። አንደኛው «ከፈለግህ አክስትህ ቤት ማደር ትችላለህ»፤ ሁለተኛው «አክስትህ ቤት ታድራለህ»። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲላቸው 58ቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ። አክስት ቤት ማደር ለሚወዱትም ለማይወዱትም ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወደ ተፈረመው የውጫሌ ውል የገባው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መገልገል እንደሚቻላቸው ይናገራል። የጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ኢጣሊያም ግዴታ ነው ብላ ተረጎመችው። ዐፄ ምኒልክ ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲያሳውቁ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የተመለሰላቸው መልስ ጉዳይዎን በኢጣሊያ በኩል ያቅርቡ የሚል ሆነ። በአንድ ግሥ ምክንያት ማለት ነው።

አሁን ነጠላዋ መጣች። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተሟጋቾቹ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይቀርቡ እንደነበር አያቶች ያውቁታል። አንድ ልጅ የኢጣሊያን መልእክተኛ አንቶኔሊን ሆነ፤ አንዲት ልጅ የንጉሠ ነገሥቱ ጠበቃ ሆነች፤ ነጠላው ጫፍና ጫፉ ከሁለቱም ጋር ታሰረ። አንዱ ሲንጠራራ ሌላው ይሳባል። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። «ተጠየቅ!» ስትለው «ልጠየቅ!» ማለት ግዴታው ነው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሙግቱ እየጠበቀ ሄደ። አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ምስክር ሆነው ተጠሩ፤ እርሳቸውን የሆነው ልጅ ላብ አጠመቀው። «ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንተ ብቻ ነበርክ፤ አላየኸውም ወይስ አይተህ ዝም አልክ?» ብላ አፋጠጠችው። ልጁ የሚመልሰው ስላጣ ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ጣሪያውን ያያል።

ፍርዱ የተሰጠበት መንገድ እኔን ከሁሉ በላይ ነካኝ። በድሮው ችሎት አስተያየት የሚሰጠው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ትንሹ ሹም ቀድሞ ይናገራል፣ ትልቁ መጨረሻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን ይላል? መምህሩም ዳኝነቱን ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን አውጥተው ከማያውቁ ልጆች አስጀመረ። ጎበዞቹ እስከ መጨረሻ አፋቸውን ይዘው ጠበቁ። ይህን እቤት ማዕድ ላይ ሞክሩት፤ ትልቁ ልጅና አባት መጨረሻ እንዲናገሩ አድርጉ። እኔ ቤት የተሰማው ነገር አስደንግጦኛል፤ ዝርዝሩ ለዚህ ገጽ አይሆንም።

ጽሑፉ ፍርድ መጻፍ ነው። አንድ ገጽ፣ እንደ እውነተኛው ፍርድ ቤት፦ የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ጭብጡ፣ ውሳኔው፣ ምክንያቱ። «ምኒልክ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም የእኛ ንጉሥ ናቸው» ያለ ሁሉ ወረቀቱ ተመልሶለታል። ያንን ከውሉ፣ ከቀኑ፣ ከምስክሩ ማሳየት አለበት። አንዲት ልጅ ፍርዷን የጨረሰችው ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸው ተገቢ ነው፣ ግን ከመፈረማቸው በፊት ጣልያንኛውን በሌላ ሰው ማስነበብ ነበረባቸው ብላ ነው። መምህሩ ይህን ጮክ ብሎ አነበበውና እናቷ እንድታየው ወደ ቤት ላከው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ምን እንደሆነ ለዚያች ልጅ በቃል አጥኚ ማለት አያስፈልግም፤ ከየት እንደ መጣ ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ተውኔት ሲሠራ ጠላት የሆነው ልጅ ከክፍል ከወጣ በኋላም ጠላት ሆኖ እንዳይቀር። ከዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት «ባንዳ» ሆኖ የተወነ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባንዳ ሲባል እንደከረመ ከወላጆቹ ሰምቻለሁ። የዚህ መምህር መላ ቀላል ነው፤ በግማሽ ሰዓቱ ወገን ያለዋውጣቸዋል። አንቶኔሊ የነበረው ጠበቃ ይሆናል። ሌላው ደግሞ፣ ውጊያ አያስተውንም። ሙግት ብቻ።

እድሩን ያመጣው ማን ነው?

ስለ መንግሥት ማስተማር ከሁሉም ደረቅ የሚሆነው ልጁ መንግሥትን በቴሌቪዥን ብቻ ስለሚያውቀው ነው። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ፤ ሦስቱን በቃሉ ይወርዳቸዋል፤ ነገ ይረሳቸዋል። በሦስተኛው ዓርብ ያየሁት ክፍል የጀመረው ከእድር ነው። ልጆቹ የቤተሰባቸውን እድር መተዳደሪያ ደንብ ፎቶ ኮፒ እንዲያመጡ ታዘው ነበር፤ 19 መጣ። የአንዱ ደንብ በእጅ ተጽፎ በ1960ዎቹ ማኅተም የተመታበት ነው፤ ሲገለጥ ብናኝ ይወጣዋል።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ሰብሳቢውን ማን ይመርጠዋል? ለስንት ዓመት? ቢያጠፋ ማን ያወርደዋል? ገንዘብ ያዡን ማን ይመረምረዋል? ስንት ሰው ካልተገኘ ስብሰባው አይካሄድም? ያልከፈለ ሰው ከመሰረዙ በፊት ይሰማል ወይ? ልጆቹ ደንብ ለደንብ እያስተያዩ ተከራከሩ። የአንዱ ሰፈር እድር ሰብሳቢ የሥራ ዘመን ገደብ የለበትም። «እስኪሞት?» አለች አንዷ። «እኛ ጋ እንደዚያ ነው፤ ግን ጥሩ ሰውዬ ናቸው» አለ ባለቤቱ። ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ሳይንስ ክርክር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰማሁ አይመስለኝም። መምህሩ በዚሁ የገዳን ሥርዓት አነሣ፤ ሥልጣን በስምንት ዓመት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍና ሥርዓቱ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን ነገራቸው። «ጥሩ ሰውዬ ቢሆንስ?» አለች ያችው ልጅ። ጥሩም ቢሆን ስምንት ዓመት ሲሞላው ያስረክባል። ጥሩ ሰውየው ያላቸው ሰፈር ልጅ ዝም አለ።

ከእድር ወደ ሕገ መንግሥት የተሻገሩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ደንብ ማን ለማን ሰጠው?» የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የሰጡት ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስም ይናገራል። ልጆቹ በ106 አንቀጾቹ ውስጥ ስለ ራሳቸው የሚናገረውን ፈልጉ ተብለው 36ኛውን አንቀጽ፣ የሕፃናት መብትን፣ አገኙ። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ «ይህን ቤት ወስጄ ለአባቴ ላንብብለት?» ብሎ ጠየቀ። ያነበበለት ይመስለኛል።

ከዚያ የክፍሉን ደንብ ጻፉ፤ የጠፋ እስክሪብቶ እድር አቋቋሙ። መዋጮው በወር አንድ እስክሪብቶ ነው። አራት ስብሰባ ፈጀባቸው፤ አንዴ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ ተበትኗል።

ሽማግሌው ዝም ሲሉ

እስካሁን የተናገርኩት የመምህር ሥራ ነው። የሚቀጥለው የእናንተ ነው፤ በተለይ የአያቶች።

መምህሩ በዓመት አንድ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደውን የቤት ሥራ ይሰጣል። ልጁ ከእርሱ የሚበልጥ አንድ ዕቃ ከቤቱ ያገኛል፤ በዕድሜ የሚበልጥ ማለት ነው። ስለ ዕቃው አንድ የቤቱን ትልቅ ሰው ይጠይቃል፣ የሰማውን በራሱ ቃል ሁለት ገጽ ይጽፋል። ተጠያቂው ከሥሩ «አንብቤዋለሁ» ወይም «ተነቦልኛል» ብሎ ይፈርማል። ከኮምፒውተር ቤት የማይገዛው ለዚህ ነው።

አያቶች ሆይ፣ ልጁ «ታሪክ ንገሩኝ» ብሎ ከመጣ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፦ «የቱን?» ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ለልጁ ትንንሽ ጥያቄ አስይዙት። የመጀመሪያ ደመወዝዎ ስንት ነበር፣ ምን ገዙበት? አዲስ አበባ ሲመጡ መጀመሪያ የት አደሩ? ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ጠዋት የት ነበሩ፣ ምን ሰሙ? ይህን የመጨረሻውን አያትም አባትም ለየብቻ ይጠየቁ። የአንድ ሰፈር ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት ሲናገሩ ልጁ ግራ ይጋባል፤ ይጋባ። የትኛው አይቶ እንደተናገረ፣ የትኛው ሰምቶ፣ የትኛው በኋላ ያነበበውን እንደጨመረ መለየት ይማራል። አያት ሩቅ አገር ካሉም በስልክ ድምፅ ቀድተው መላክ ይችላሉ።

ብዙ ወላጆች ግን ፍርሃት አለባቸው፤ መምህሩም በየዓመቱ ይሰማዋል። «ልጄን ፖለቲካ ውስጥ አታስገባብኝ» ይሉታል። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ በዚህ አገር ታሪክ ሰው አሳስሯል፣ ወዳጅን ከወዳጅ ለያይቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ አያቶቻቸው በሁለት ተቃራኒ ወገን የነበሩ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ መምህራን ወደ ቀንና ወደ ስም ብቻ የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቀን አያጣላም። ግን ልጁ ያልነገርነውን ከስልኩ ይሰማል፤ በዚያ በኩል ማንም «ማን አየ?» ብሎ መጠየቅ አያስተምረውም።

መምህሩ አንድ ደብተር አሳየኝ፤ ስሙን ሸፍኖ። ልጁ የያዘው ዕቃ ቁልፍ የሌለው የቁልፍ መያዣ ነው። አያቱን ስለ 1970 ዓ.ም. እንደጠየቃቸው ጽፏል። ቀጥሎ የጻፈው ይህን ነው፦ አያቴ ዝም አሉ። መያዣውን ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቡና ይፈላ አሉ። ቡናው ሲፈላ እኔም ዝም አልኩ። ጽሑፉ እዚህ ላይ አለቀ፤ ሁለት ገጽም አልሞላ። ከሥሩ የሽማግሌው ፊርማ አለ፤ አንብበውታል ማለት ነው። መምህሩ 10 ከ10 ሰጠው። «ያን ዘመን ከዚህ በላይ ማን ሊጽፈው ይችላል?» አለኝ።

ስለዚህ አያት አልናገርም ካሉ አይጨቅጨቁ። ልጁ ዝምታውንም መጻፍ እንደሚችል ይነገረው። ወላጅም የልጁን ጽሑፍ አያሳምርለት፤ «አያቴ ሳቁ» ያለውን «አያቴ በፈገግታ ተሞሉ» አታድርጉበት። እኔ አድርጌዋለሁ፣ መምህሩ ወዲያው አውቆብኛል።

ትምህርት ቤታችሁ ይህን የሚያደርግ መምህር ከሌለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። አንድ ዕቃ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ አምስት ጥያቄ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ስትጎበኙም ሁሉን አዳራሽ አታስሩጡት። አንድ ነገር ይምረጥ፤ ፊቱ ዐሥር ደቂቃ ይቁም፤ ያየውን እንጂ የተጻፈውን መግለጫ አይገልብጥ።

መምህሩ ካሳየኝ ሥራዎች አንዱን ጨምሬ ላብቃ። ዕቃው በላስቲክ ተጠቅልሎ የኖረ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር የልጅቷ አያት የሦስት ልጆች እናት ነበሩ፤ እስከዚያ በአውራ ጣታቸው ነበር የሚፈርሙት። ያስተማራቸው የጎረቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ማታ ማታ፣ በፋኖስ። ፊደል ሲቆጥሩ ሕፃኑ ጡት ይጠባ ነበር። ልጅቷ ሁለት ገጽ ጽፋ ስትጨርስ አነበበችላቸውና ልትፈርምላቸው እስክሪብቶ አነሣች። አያትየው እስክሪብቶውን ተቀበሏት። መነጽራቸውን አድርገው ርእሱ ላይ የተጻፈውን ስማቸውን አዩ፤ አንዱን ፊደል ሰረዙና ከላዩ ሌላ ጻፉበት። «የእኔ ስም በፀሐዩ ‘ፀ’ ነው» አሏት፣ «በጸሎቱ አይደለም።»